ላላገሳ ሕፃን እንቅልፍ አይከልከል

ሰሞኑን በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ያሉ አራሶች በስልክ የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ሕፃን ሳያገሳ አይተኛ» ይላል። ጸሐፊዋ ልጆች ያሳደጉ እናት እንደሆኑ ይናገራሉ፤ አጻጻፋቸውም ለልጅ መጨነቅ የሚታይበት ነው። መልእክታቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሕፃን በጠባ ቁጥር የግድ ማግሳት አለበት፤ እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ተቀስቅሶ እስኪያገሳ ይያዝ። አላገሳ ካለ ጀርባው ጠንከር ተደርጎ ይመታ። ቁርጠትና የሌሊት ለቅሶ የሚመጣው ሳይወጣ ከቀረ አየር ነው። ካገሳ በኋላ በሆዱ ይተኛ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ጤና አዳም የተነከረበት ውኃ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛው ግራይፕ ዋተር ይሰጠው። በመጨረሻ ለሰሜን ሸዋ እናቶች ለብቻችን የተላከ ነቀፋ አላቸው፤ የደጋው ብርድና ከፍታ የሕፃናቱን ሆድ በአየር ይሞላል፣ አንቀልባም ሆዳቸውን ይጨቁናል፣ እናቶቻችን ግን ልጅ ማስገሳት የሚባል ነገር አያውቁም ብለዋል።

እኔ በዚሁ ዞን በአዋላጅ ነርስነት እሠራለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ሕፃን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ለደከመች አራስ ሌላ ሸክም ስለሚጨምሩባት ነው። ነጥቦቹን እሳቸው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል እከተላለሁ።

አስቀድሜ የምንስማማበትን ልናገር። ሕፃን ሲጠባ ከወተቱ ጋር አየር ይውጣል። ጡቱን በደንብ ካልጎረሰ፣ እያለቀሰ መጥባት ከጀመረ ወይም ወተቱ በኃይል ከመጣበት የሚውጠው አየር ይበዛል። በጡጦ የሚመገበው ደግሞ ጡት ከሚጠባው ይብሳል። አየሩ ከወተቱ ስለሚቀል ልጁ ቀና ሲል ወደ ጨጓራው አናት ይሰበሰብና በጉሮሮው በኩል ይወጣል። ማስገሳት ማለትም ይኸው ነው፤ ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ አየሩ መውጫ እንዲያገኝ ጥቂት ማገዝ። ሆዱ ተወጥሮ የሚቁነጠነጥ፣ ጡቱን እየያዘ እየለቀቀ የሚያለቅስ ልጅ አንዴ ሲያገሳለት ሰውነቱ እንዴት እንደሚፈታ ያላየች እናት የለችም። ስለዚህ ማስገሳት ይጠቅማል። የምንለያየው ግዴታ ነው ወይ፣ እንዴት ይደረግ፣ ምንስ ያድናል በሚለው ላይ ነው።

«እስኪያገሳ አትልቀቁት፤ ግማሽ ሰዓትም ይፍጅ» ይላሉ ጸሐፊዋ በመጀመሪያው ነጥባቸው።

ይህን ምክር የተከተለች አንዲት የበኩር ልጇን የታቀፈች አራስ ከባሶና ወራና ለክትባት መጥታ ነበር። ዐይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። «እትዬ፣ ልጁ አላገሳ እያለኝ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው» አለችኝ። እዚያው አጠገቤ እንድታጠባው ጠየቅኳት። ልጁ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጎረሰ፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ አገጩ ጡቷን ነክቷል፣ ጉንጩ አይጎደጉድም፣ ሲስብ የሚንቋቋ ድምፅ የለውም። ሳብ ሳብ እያደረገ ይውጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይስባል። ሲበቃው ጡቱን ራሱ ለቀቀ፤ ጨብጦት የነበረው ጣቱ ተዘረጋና እንቅልፍ ወሰደው። እሷ ግን ወዲያው አንስታ አስቀመጠችውና ጀርባውን መምታት ጀመረች። ልጁ ተነሥቶ ጮኸ። «ተይው በሞቴ» አልኳት፤ ደረቷ ላይ እንድታጋድመው አደረግኩ፤ ጀርባውን በዝግታ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። አላገሳም፤ ተመልሶ ተኛ። «አሁን ይህ ልጅ ምን ቀረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልቀረውም ነበር። ጡቱን በደንብ ስለጎረሰ የሚያስወጣው ብዙ አየር አልዋጠም።

ጸሐፊዋ ያላነሡት ነገር ይህ ነው። አየር የሚገባው ሲጠባ ነው፤ ስለዚህ ከማስገሳቱ በፊት መታየት ያለበት አጎራረሱ ነው። የጡቱን ጫፍ ብቻ የያዘ ልጅ አየር ይስባል፣ እናቱንም ያቆስላታል። በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል አብሮ ሲጎርስ ግን አፉ ይገጥማል። የልጁ ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ መስመር ሆነው ሆዱ ወደ እናቱ ሆድ ከዞረ፣ ጡቱ ወደ ልጁ ሳይሆን ልጁ ወደ ጡቱ ከቀረበ፣ የማስገሳቱ ሥራ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ማስገሳት በጥናት ታይቷል ወይ ለሚል፣ አዎ ታይቷል። በሕንድ አገር ቻንዲጋር ከተማ 71 እናቶች ከነጨቅሎቻቸው ተመዝግበው፣ በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ማስገሳት ተምሮ ሲያስገሳ ሌላኛው እንዲያስገሳ ሳይነገረው ለ3 ወር ክትትል ተደርጓል። ውጤቱ የታተመው በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በቁርጠት ለቅሶ በሁለቱ ወገን መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ቅርሻት ግን በሚያስገሱት ልጆች ላይ ጎልቶ በዛ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በእሱ ብቻ ተነሥቶ ማንም አታስገሱ ሊል አይችልም፣ እኔም አልልም። ሆኖም ያላገሳ ልጅ ሁሉ አደጋ ላይ ነው የሚለውን የሚደግፍ ነገር የለውም።

ለእናቶች የምነግረው ቀላል ነው። ልጁ ሲጨርስ፣ ወይም ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ቀና አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ሞክሩ። ካገሳ ጥሩ። ካላገሳና ካልተቁነጠነጠ ተዉት፤ አየሩ በራሱ ጊዜ ከላይ ወይም ከታች ይወጣል። ጡት ላይ ያንቀላፋውን ልጅ ለማስገሳት ብላችሁ አትቀስቅሱት። በጥቅምት ውርጭ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንዲት አራስ ከጋቢዋ ወጥታ አልጋ ጠርዝ ላይ ግማሽ ሰዓት እንድትቀመጥ ማዘዝ እሷንም ልጁንም ማብረድ ነው። አራስ እንቅልፍ ካጣች ወተቷን ማጥባቱም ይከብዳታል፣ ሆዷም ይባባል። ልጁ ራሱን ችሎ መቀመጥ ሲጀምር፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ ነው፣ ማስገሳቱ ራሱ ያበቃል።

ሁለተኛው ነጥባቸው አስደንግጦኛል። «በዝግታ ካላገሳ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፤ ቢያስፈልግ ነቅነቅ አድርጉት» ይላል።

ሕፃን አይነቀነቅም። የጨቅላ ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። ሲነቀነቅ አንጎሉ ከራስ ቅሉ ጋር ይጋጫል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮቹ ይበጠሳሉ፤ በአንጎልና በዐይን ውስጥ ደም ይፈሳል። የሚከተለው ዕውርነት፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ነው። ለግሳት ብሎ መነቅነቅ የሚባል ነገር ሊጻፍ አይገባም ነበር። ጽሑፉን ያነበበች እናት ካለች ይህችን መስመር ትርሳት። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ትዕግሥቷን ካስጨረሳት በደህና ቦታ በጀርባው አስተኝታው ጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ትውጣ፣ ወይም ለሌላ ሰው ትስጠው።

መምታትም አያስፈልግም። አየሩን የሚያወጣው ጉልበት ሳይሆን የልጁ አቀማመጥ ነው። አንዲት እዚሁ ሰፈራችን ያሉ እማማ የልጅ ልጃቸውን ሲያስገሱ ማንም ቢያይ ይገባዋል። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጥፈው ይጥላሉ፤ ልጁን ከፍ አድርገው አገጩን በነጠላው ላይ ያሳርፋሉ፤ አንድ እጃቸው መቀመጫውን ደግፏል፣ ሌላው ከወገቡ ተነሥቶ ወደ ትከሻው ሽቅብ ይዳብሳል። መዳፋቸው ዝርግ አይደለም፤ ውኃ ሊጨልፉበት እንደሆነ ጎድጎድ ብሏል። ስለዚህ መታ ሲያደርጉ ድምፁ ይሰማል እንጂ ልጁን አያመውም። ሲያገሳ «እሰይ የኔ ጌታ» ይላሉ፤ ነጠላው ላይ ያቀረሸውን ጠርገው ያስተኙታል። ልጁ በትከሻ ላይ ከፍ ብሎ ሆዱ በቀስታ ሲጫን ብዙ ጊዜ ያ ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው አያያዝ ጭን ላይ ማስቀመጥ ነው። ለትንንሾቹና ቶሎ ለሚያቀረሹት እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ፊቱን ታዩታላችሁ። ልጁ በጎን በኩል ጭናችሁ ላይ ይቀመጥ፤ የአንድ እጃችሁ መዳፍ ደረቱን ይደግፍ፣ አውራ ጣታችሁና ጠቋሚ ጣታችሁ አገጩን በግራና በቀኝ ይያዙ። ልብ በሉ፣ የምትይዙት የመንጋጋውን አጥንት ነው፤ ጉሮሮው በፍጹም አይነካም። ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አድርጉትና በሌላው እጃችሁ ጀርባውን ዳብሱ። ወገቡ ከተጣጠፈ ጨጓራው ስለሚታጠፍ አየሩ ይያዛል፤ ቀና ሲል ይለቃል። ሦስተኛው ልጁን በሆዱ ጭናችሁ ላይ አግድማችሁ፣ ራሱ ከደረቱ ከፍ እንዲል አድርጋችሁ ጀርባውን ማሸት ነው። ይህ ለሚቁነጠነጥ ልጅ ይረዳል፤ ገና ጠብቶ ለጨረሰ ልጅ ግን ወተቱን ስለሚያስመልሰው አልመክረውም።

በጡጦ ለምትመግቡ ደግሞ ጸሐፊዋ አንድ ቃል አልጻፉም፤ ማስገሳት የበለጠ የሚያስፈልገው ግን እዚያ ነው። በከተማችን ፋብሪካዎች የሚሠሩ ብዙ እናቶች አሉ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ የሚሰጣት ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ስለሆነ ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ወደ ሥራ ትመለሳለች። የታለበ የጡት ወተት በንጹሕ ሲኒና ማንኪያ መስጠት ይቻላል፤ ለማጽዳትም ከጡጦ ይቀላል። ጡጦ መጠቀም ግድ ከሆነ ልጁ ከፊል ቀና ብሎ ይያዝ፤ የጡጦው ጫፍ ሁልጊዜ ወተት እንጂ አየር እንዳይዝ ጡጦው ዘንበል ይበል፤ የዱቄት ወተት ከተበጠበጠ አረፋው እስኪረግፍ ይቆይ። መሐል ላይ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ሲጠጣ አቁሞ ማስገሳት ነው። ጡጦውን በጨርቅ አስደግፎ ልጁን ብቻውን መተው ግን አየር ከማስዋጥም አልፎ ያንቀዋል።

ሦስተኛ፣ ቁርጠት። «የሌሊት ለቅሶ ሁሉ ያልወጣ አየር ነው፤ ያስገሳች እናት ልጇ አያለቅስም» ብለዋል።

ይህ አነጋገር የሚያለቅስ ልጅ ያላትን እናት ጥፋተኛ ያደርጋታል። ከላይ ያነሣሁት ጥናት እንደሚያሳየው ማስገሳት ቁርጠትን አልቀነሰም። የሕፃን ለቅሶ የራሱ ጊዜ አለው፤ ከተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ መጨመር ይጀምራል፣ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆነው ይበርዳል። ጡት የሚጠባውም ጡጦ የሚጠባውም እንዲሁ ነው። በ1954 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሞሪስ ዌሰል የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ቁርጠት የሚባለውን ለቅሶ ሲበይኑ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ የሚያለቅስ ጤነኛ ልጅ ብለውት ነበር። ምክንያቱ እስከዛሬ ተለይቶ አልተቆረጠም። ያለቀሰ ልጅ ግን አየር ይውጣል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ይፈሳል። እናት ይህን አይታ «አየሩ ነው ያስለቀሰው» ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ለቅሶው ነው አየሩን ያስገባው።

ይህ ነጥብ ለእኛ አካባቢ ቀላል አይደለም። ልጅ ሲያለቅስና ሲያቀርሽ ምክንያት ተፈልጎ እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ስንት ሕፃን በምላጭ ተቆርጧል፤ የወተት ጥርስ ትል አለው ተብሎ ስንቱ ድዱ ተፈልፍሏል። ደም ፈሷቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞባቸው የመጡ አሉ። እናትን «አስገስተሽ ካላዳንሽው ጥፋቱ ያንቺ ነው» ስንላት ወደዚያ ምላጭ አንድ እርምጃ እናስጠጋታለን። ለሚያለቅስ ልጅ የሚጠቅመው መታቀፍ፣ እሽሩሩ ማለት፣ ገላ ለገላ ደረት ላይ ማስተኛት፣ ማዘል፣ መብራቱንና ጫጫታውን መቀነስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አያት፣ እኅት፣ ባል ተረዳድተው እናቲቱን ማሳረፍ ነው። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ማስገሳት ይችላል፤ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር አባት የሚባል አልጠራም።

ጸሐፊዋ ቅርሻትንም ከሕመም ጋር አምታተውታል። ከ3 ወር በታች ከሆኑ ጤነኛ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ። የጉሮሮና የጨጓራ መገናኛ የሆነው ክብ ጡንቻ ገና ስለላላ ነው። እስከ 4 ወር ገደማ ይበዛል፣ ዓመት እስኪሞላው አብዛኛው ልጅ ይተወዋል። ደስ እያለው የሚያቀረሽ፣ ክብደቱ የሚጨምር ልጅ መድኃኒት አይፈልግም፤ ከጠባ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀና ብሎ እንዲቆይ ማድረግ፣ ጥብቅ ቀበቶና ጠባብ መጠቅለያ አለማድረግ ይበቃል።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም ያሳሰበኝ ነው። «ካገሳ በኋላ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ በሆዱ አስተኙት» ይላል።

በአውሮፓና በአሜሪካም ለብዙ ዓመት እንዲህ ይመከር ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 በብሪታንያ፣ በ1994 በአሜሪካ «ሕፃናትን በጀርባቸው አስተኙ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛ ሆነው ተኝተው በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽና ከዚያ በላይ ቀነሰ። መታነቅን በተመለከተ ጸሐፊዋ የሰጡት ምክንያት የተገላቢጦሽ ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከታች ይውላል፣ ወተቱም ወደዚያው ያዘነብላል። ጤነኛ ልጅ በጀርባው ተኝቶ ቢያቀረሽ ይውጠዋል ወይም ያስለዋል። ነቅቶ እናቱ እያየችው በሆዱ ቢጋደም አንገቱን ያጠነክርለታል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው፤ አገሳም አላገሳም።

በዚህ ላይ የእኛን ቤት መጨመር አለብኝ። ደብረ ብርሃን፣ መሃል ሜዳ፣ አንኮበር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ የመንዝ ባና፣ ያ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሌለበት አልጋ ስንት ነው? ባና ከባድ ነው። በሆዱ የተኛ፣ ከላይ ባና የተጫነበት ጨቅላ ፊቱን ማዞር አይችልም። ልጁን የሚያሞቀው ደራርቦ ማልበስና ኮፍያ ነው፤ የሚደረብበት ልብስ ከደረቱ አይለፍ፣ ፊቱ ግልጥ ይሁን፣ ከእናቱ ባና ሥር አይግባ። ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት እናትንም ልጅንም ይገድላል፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

አምስተኛው ላይ ፈጥኜ አልፋለሁ፤ ነገሩ ግልጽ ነው። እስከ 6 ወር ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም አይፈልግም። ጤና አዳምም፣ አብሽም፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃም፣ ቅቤም፣ ማርም አይሰጠው። ማር በተለይ ዓመት ሳይሞላው ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ጨጓራው በውኃ ሲሞላ የሚጠባው ይቀንሳል፣ ሲቀንስ የእናቱም ወተት ይቀንሳል፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 ከመቶ ነበሩ፤ በ2019 ደግሞ 59 ከመቶ። ከመቶው ከ40 በላይ ለሚሆኑት ሌላ ነገር ይቀመስላቸዋል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ ሌላ ምክንያት መጨመር አልነበረበትም። ግራይፕ ዋተርን በ1851 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዊልያም ውድዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሲያወጣው አልኮል፣ የእንስላል ዘይት፣ ሶዳና ስኳር ነበረበት። ዛሬ አብዛኛው አልኮል የለውም፤ ቁርጠትን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። አብሹንና አጥሚቱን እናት ትጠጣው፤ ጥጋቧ ለልጁም ይተርፋል።

የመጨረሻው ነጥባቸው ስለ ደጋውና ስለ አንቀልባው ነው። ከፍታን በሚመለከት የጻፉት ሐሳብ መነሻው እውነት ነው፤ አየር ከፍ ባለ ቦታ ይሰፋል። ግን ደብረ ብርሃን ላይ የሚኖር ልጅ የሚውጠው የደብረ ብርሃንን አየር ነው። ከውጪ ያለውና ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ግፊታቸው እኩል ስለሆነ በዚያ ምክንያት የሚነፋ ሆድ የለም። 2,800 ሜትር ላይ የተወለደ ልጅ ሸዋሮቢት ከተወለደው የበለጠ ማግሳት አለበት የሚያሰኝ ነገር የለም። ብርድም ሆድ አይነፋም፤ ልጁ የሚስበው አየር አፉና አፍንጫው ውስጥ ይሞቃል።

የሚሰማ ለውጥ የሚኖረው በጉዞ ላይ ነው። ከሸዋሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በርን የሚወጣ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ ከ3,000 ሜትር በላይ በጥቂት ሰዓት ይደርሳል። በዚህ መካከል ሆድ ውስጥ ያለው አየር በሩብ ያህል ይሰፋል፤ ቆላ የተገዛ የብስኩት ላስቲክ የጣርማ በር ዋሻ ጋር ሲደርስ ተነፍቶ እንደሚገኘው ነው። አጥብታ ወዲያው መኪና የገባች እናት ልጇ አቀበቱ ላይ ቢቁነጠነጥ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከመነሣቷ በፊት ቀና አድርጋ ታስገሳው፤ ዳገቱ ላይም ቀና ይበል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ጆሮው ስለሚደፈን ብታጠባው መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ጸሐፊዋ ስለ ከፍታ ሊጽፉ ከተነሡ የሚጠቅመው ይህ ነበር።

አንቀልባን በተመለከተ ግን ፈርደውበታል። በለፋ ቆዳ የተሠራ፣ ዛጎል የተሰፋበት የሸዋ አንቀልባ ልጁን ቀና አድርጎ ከእናቱ ጀርባ ጋር ያቆያል። እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው ስለሚታቀፉ ለዳሌው መገጣጠሚያም መልካም ነው። ቀና ማለቱና የእናትየው እርምጃ ለአየሩ መውጫ ይሰጡታል፤ የታዘለ ልጅ እናቱ እንጨት ስትለቅም ወይም ጓዳ ስትል ጀርባዋ ላይ አግስቶ ይተኛል፤ ማንም ሳይመታው። እናቶቻችን ማስገሳት አያውቁም የተባለው የሚያውቁትን ሥራ ለብቻው ስላልሠሩት ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ልጁ ጠግቦ ወዲያው ጠብቆ ከታሰረ ወተቱን ይመልሳል፤ ስለዚህ ጥቂት ታቅፎ ይቆይ። አንገቱ ያልጠና ጨቅላ ራሱ ሳይደገፍ አይታዘል፤ ገና ሲወለድ የሚሻለው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ቀና ማለቱ ነው። ያ እያሞቀው እያስገሳውም ያስተኛዋል። ሲታዘልም ፊቱ በነጠላ አይታፈን።

ጸሐፊዋ ያልጻፉት አንድ ነገር ይቀራል፤ ማስገሳት የማይፈታው የቱ እንደሆነ። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከጠባ በኋላ በኃይል እየተወነጨፈ የሚያስመልሰው፣ አስመልሶም ወዲያው የሚርበው ልጅ የጨጓራው መውጫ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል ቀዶ ሕክምና ያድነዋል። የሚያስመልሰው አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለበት፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ጡት አልያዝ ካለ፣ ካተኮሰ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ክብደቱ መጨመር ካቆመ በትከሻ ላይ አድርጎ መዳበስ ጊዜ ማባከን ነው። አረንጓዴ ያስመለሰውን ልጅ በተለይ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ባላችሁበት አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ እዚያም ወደ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍለት ጠይቁ። በመንገድ ላይ ቀና አድርጋችሁ፣ ፊቱን ወደ ጎን መልሳችሁ፣ ደረታችሁ ላይ አሙቃችሁ ያዙት።